በመቁጠሪያቸው አሶሳን ሲጠሩ የኖሩ አያት
(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ከወር መዋጮና ከቦይ ጠረጋ ወጣ ያለ ነገር ይዘን ቀርበናል። በአጀንዳው ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነው። እንደሚታወቀው «ልዩ ልዩ» ሲባል ብዙ ሰው ጃንጥላውን አንሥቶ መውጫውን ያያል። ዛሬ ግን እባካችሁ ትንሽ ታገሡን። ልንናገር የተነሣነው ስለ አንድ አያት ነው። እኚህ አያት የአገራችን ሰው አይደሉም፤ ስማቸውም በማኅበራችን መዝገብ የለም። ነገር ግን የከተማችንን ስም ዕድሜያቸውን ሙሉ በጸሎታቸው ሲያነሡ የኖሩ ሰው ናቸው።

መነሻችን ሁላችሁም ወሬውን የሰማችሁት የቦኖው ጠብ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጁን ለማሳከም ከሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ የይለፍ ወረቀት ይዞ የመጣ አንድ ሰው ጀሪካኑን ከሰልፉ መጨረሻ አስቀምጦ ቆሟል። ከእኛው ሰዎች አንዱ ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ዳር ወረወረና «አንተ የካምፕ ሰው ነህ፤ እዚያ ይቀዳልሃል። የእኛን ወረፋ ለምን ትሻማለህ? ከየትስ ነው የመጣኸው?» አለው። ሰውዬው ዐረብኛ በተቀላቀለበት አማርኛ «ከኮንጎ ነው የመጣሁት። ነገር ግን አያቴ ከእኔ በፊት እዚህ መጥተው ነበር» ሲል መለሰ።

ሰዉ ሳቀ። እዚያ የነበርን ሁለት የኮሚቴ አባላትም ሳቅን። ይኸን መደበቅ አንፈልግም። አንዲት እናታችን ግን አልሳቁም። ጀሪካኑን ራሳቸው አንሥተው ወደ ቦታው መለሱና «ና ልጄ፣ ወረፋህ እስኪደርስ እዚህ ማንጎው ሥር ተቀመጥ» አሉት። ቡናም አቀረቡለት። ከዚያም እኛ ልንጠይቀው የሚገባንን ጥያቄ እሳቸው ጠየቁት።

«አያትህ ምን ሊሠሩ ነበር የመጡት?»

«ጣሊያንን ሊያስወጡ» አላቸው።

ከዚያ ወዲያ የሳቀ ሰው አልነበረም። እናታችን ሲኒውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉና «አባቴ ጣሊያንን ከአሶሳ ያስወጣው ነጭ ብቻ አይደለም፣ እኛን የመሰለ ጥቁር ወታደር ነው ይለን ነበር። ሽማግሌ ወሬ ያበዛል ብለን ሳንጠይቀው ሞተ» አሉ። እኛም በዚያው ሳምንት እንግዳችንን ፈልገን አነጋገርን። ስሙ እንዳይጻፍ ስለለመነን «ወንድማችን» እያልን እንናገራለን።

በመጀመሪያ ግን የነገሩን መሠረት እንያዝ። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የድል በዓል እናከብራለን። ቀኑ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት ነው። ከዚያ በፊት ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ መሰቀሉንም ከትምህርት ቤት እናስታውሳለን። ታዲያ የራሳችን ከተማ አሶሳ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መቼ ነው ብንባል ስንቶቻችን እንመልሳለን? መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 11 ቀን 1941። ይህም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከመግባታቸው 55 ቀን ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ያስለቀቃትስ ማነው? «እንግሊዝ» የሚል አይጠፋም። እንግሊዝ በሱዳን በኩል ጦርነቱን ይመራ እንደነበር እርግጥ ነው። አሶሳ የገባው ግን የቤልጂየም ኮንጎ ጦር ነው። በፈረንሳይኛ «ፎርስ ፑብሊክ» ይባል ነበር። ቤልጂየም ራሷ በ1940 እ.ኤ.አ. በሜይ ወር በጀርመን ተወርራ በ18 ቀን ተሸንፋለች። መንግሥቷ ወደ ለንደን ተሰደደ። በእጇ የቀረው ትልቁ ነገር በቅኝ ግዛት የያዘችው ኮንጎ ነበር። ስለዚህ ከእንግሊዝ ጎን ቆማ የኮንጎን ጦር ወደ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ላከች። መኮንኖቹ ቤልጂየሞች ናቸው። ወታደሮቹ፣ ስንቅና ጥይት ተሸካሚዎቹ ግን ኮንጎዎች ናቸው። በጭነት መኪና፣ በዓባይ ጀልባና በእግር ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ነው እዚህ የደረሱት።

ከአሶሳ በኋላ መጋቢት 14 ቀን ጋምቤላ ተያዘች። ከዚያም ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬው ደምቢ ዶሎ ማለት ነው፣ ዘለቁ። እዚያ ነገሩ ጠና። ባሮ ውሃው ሲጎድል ጀልባ አያሳልፍም። ስንቅ ዘገየ፣ ዝናብ መጣ፣ በሽታ ገባ። ባሮ ሞልቶ ተጨማሪ ጦር ከደረሰ በኋላ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ፒዬትሮ ጋዜራ በብዙ ሺህ ከሚቆጠር ጦሩና ከሌሎች ጄኔራሎች ጋር ለኮንጎ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ኦጉስት ዢሊያርት እጁን ሰጠ። ከኮንጎ ጦር ወገን በጥይትም በበሽታም ያለቀው ወደ 500 ሰው ይጠጋል። አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው።

እንግዲህ ዛሬ ኪንሻሳ የሄደ ሰው አሶሳ የሚባል ጎዳና ያገኛል። ጋምቤላ የሚባል ጎዳናና ገበያም አለ፤ ሳዮ የሚባልም አለ። በሌላ አገር ዋና ከተማ የእኛ ከተማ ስም በየቀኑ በታክሲ ሹፌር አፍ ይጠራል። እኛ ግን የዚያን አገር ልጅ ከቦኖ ወረፋ አስወጣነው።

አሁን ወደ አያቱ እንመለስ።

ወንድማችን እንደነገረን አያቱ ያኔ ስታንሊቪል፣ ዛሬ ኪሳንጋኒ በሚባለው ከተማ አካባቢ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ በካቶሊክ ሚሲዮን ተጠመቁ፤ ፊደልንም የቆጠሩት በትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ላይ ነው። ከጦርነቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብለው፣ 18 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ወታደር ቤት ገቡ። በዚያ ጦር አንድ ሰው ሲቀጠር የሚፈርመው ለ7 ዓመት ነበር። እሳቸው እያደሱ እያደሱ ዕድሜያቸውን እዚያው ጨረሱ። የሰፈሩ ቋንቋ ሊንጋላ ነው፤ ትእዛዙም በሊንጋላ ነው፤ ሚስትና ልጆችም የሚኖሩት እዚያው ወታደር ሰፈር ነው።

መቁጠሪያቸውን የሚይዙት በጥይት መያዣ ኪሳቸው ውስጥ ነበር አሉ። አንድ ቀን አለቃው ሲፈትሽ አገኘና «ይኼ የጥይት ቦታ ነው» ብሎ ቀጣቸው። ቅጣታቸውን ተቀበሉ። በማግሥቱም መቁጠሪያውን እዚያው መለሱት።

ስለ አሶሳ ለልጅ ልጆቻቸው ደጋግመው የሚያወሩት ሦስት ነገር ነበር። አንደኛው የመጋቢት ሙቀት ነው፤ ይኸ ማስረጃ አያሻውም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛው የቀርከሃው ጫካ ነው። በሌሊት ነፋስ ሲመጣ ቀርከሃው እርስ በርሱ እየተፋተገ ሰው የሚሄድ ይመስላል፤ ጓዶቻቸው ጠላት መጣ እያሉ ሲነሡ ያድሩ ነበር። ሦስተኛው ከተማው ከተያዘ በኋላ ያዩት ነገር ነው። ገና ሳይነጋ የአዛን ድምፅ ሰሙ። ወጥተው ሲያዩ ሰዎች ተሰልፈው ይሰግዳሉ። እሳቸው በአገራቸው ሲነጋ የሚጸልይ ይህን ያህል ሕዝብ በአንድነት አይተው አያውቁም ነበር። ጥቂት ፈንጠር ብለው ተንበረከኩና መቁጠሪያቸውን አወጡ። ማንም ምን ታደርጋለህ አላላቸውም። ሲጨርሱ አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ሰላምታ ሰጥተዋቸው አለፉ። ከዚህ ሌላ ንግግር አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሳዮ ሄዱ። አብሯቸው የተቀጠረ፣ ከአንድ መንደር የመጣ ጓደኛ ነበራቸው። ጥይት አልገደለውም፤ በተቅማጥ በሽታ በዝናቡ መካከል ሞተ። ቄስ በቅርብ አልነበረም። የቀበሩትም የጸለዩለትም እሳቸው ናቸው። ካቶሊኮች መቁጠሪያ ሲደግሙ አምስት ጊዜ አሥር፣ አሥር ይላሉ። እኚህ አያት ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጀመሪያውን አሥር ለጓደኛቸው፣ ሁለተኛውን ለቤተሰባቸው፣ ሦስተኛውን ለአሶሳ ሰዎች አደረጉት። ይኸን ከ40 ዓመት በላይ አላቋረጡም። መጋቢት 2 ቀን ሲደርስ ደግሞ ገንዘብ ባይኖራቸው እንኳ ዶሮ ሸጠው ለሞቱት ጓዶቻቸው ቅዳሴ ያስቀድሱ ነበር።

ወንድማችን ይህን ሲነግረን ራሱ እየሳቀ ነው። «ልጆች ሆነን ማታ ማታ አብረን ስንጸልይ አያታችን ‹አሶሳ› ሲሉ አንዲት ቅድስት መስላን ነበር። እኅቴማ ሥዕሏ የታለ ብላ ጠይቃቸዋለች» አለን።

ወገኖቻችን፣ እኛ እዚህ ስንወለድና ስናረጅ፣ የአገሩን ክረምትና በጋ ስንቆጥር፣ በማናውቀው አገር አንድ ቤተሰብ በየማታው ስለ እኛ ይጸልይ ነበር። ሰዉ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ በርታ ይሁን አማራ፣ ኦሮሞ ይሁን ጉሙዝ አልለዩም። የሚያውቁት አሶሳ የሚባል ስም ብቻ ነው።

አሁን አንድ ነገር ሳንሸፍን እንናገር። እነዚህ ወታደሮች ለእኛ ነፃነት ሲዋጉ ለራሳቸው ነፃ አልነበሩም። በዚያ ጦር ውስጥ ጥቁር ሰው ይገረፍ ነበር። የቱንም ያህል ቢያገለግል መኮንን አይሆንም። አሶሳ በተያዘች በ3 ዓመቷ፣ በ1944 እ.ኤ.አ. ሉሉአቡር በሚባል ከተማ ያለው ጦር ያመፀው እንዲህ ያለው ኑሮ ስለመረረው ነው። አገራቸው ጁን 30 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ እንኳ በጠቅላላው ጦር ውስጥ አንድ ኮንጎአዊ መኮንን አልነበረም። ከነፃነቱ 5 ቀን በኋላ ወታደሩ አመፀ። ከዚያ ወዲያ ነው ለአገሬው ሰው የመኮንንነት ማዕረግ የተከፈተው። እኚህ አያት የመኮንንነት ኮከብ ትከሻቸው ላይ ያዩት ከ20 ዓመት በላይ ካገለገሉ በኋላ ነው።

ወንድማችንን «ታዲያ እየገረፉ የገዟቸው ሰዎች ያመጡትን ሃይማኖት እንዴት ያዙት?» ብለን ጠየቅነው። ጥያቄው አላስቀየመውም። ልጆቻቸውም ይኸንኑ ይጠይቋቸው ነበር አለን። መልሳቸው አጭር ነበር፤ «የገረፈኝም ሰው መቁጠሪያ ይዞ ነበር። መቁጠሪያው ግን የእሱ አይደለም» ይሉ ነበር። መኮንን ከሆኑ በኋላ በእሳቸው ክፍል ጅራፍ አልተነሣም። ያጠፋ ወታደር ይታሠራል፣ ፈቃድ ይከለከላል፣ አይገረፍም። ሃይማኖተኛነታቸውን ወታደሮቻቸው ያወቁት በስብከት ሳይሆን በዚህ ነው።

ደግሞ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። በ1960 ኮንጎ ስትታወክ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር ላከ። ከቀደሙት መካከል የእኛ አገር ጦር ነበር፤ «ጠቅል ብርጌድ» የተባለው። ስታንሊቪልም ገብቷል። ኋላም ጄኔራል ከበደ ገብሬ ከ1962 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ጠቅላላ አዛዥ ሆነዋል። እንግዲህ ከ20 ዓመት በፊት ከዚያ አገር ተነሥተው እዚህ የመጡት ሰዎች አሁን በተራቸው የኢትዮጵያን ወታደር በደጃቸው አገኙ። አያታችን፣ አያታችን ብለን እንጥራቸውና፣ ኢትዮጵያውያን መጡ ሲባል አዲሱን ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ጦሩ ሰፈር ሄዱ። በአስተርጓሚም «ከእናንተ መካከል የአሶሳ ሰው ማነው?» ብለው ጠየቁ። አንድም አልነበረም። አሶሳን ያየም አልተገኘም። «ያልገባሁበትን አዲስ አበባን ሁሉ ያውቃል፤ የገባሁባትን አሶሳን የሚያውቅ ጠፋ» እያሉ እስኪሞቱ ድረስ ያወሩት ነበር።

የልጅ ልጃቸው በአገሩ ጦርነት ተሰደደ። ከአገር አገር ሲዞር ቆይቶ ኢትዮጵያ ገባ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ የሱዳን ስደተኞች፣ ከእነሱም ጋር ከታላላቅ ሐይቆች አገሮች የመጡ ሰዎች ወደተጠለሉበት ወደ ሸርቆሌ ተመደበ። የሚወስደው መኪና የሚያልፍበት ከተማ ማን እንደሚባል ሲጠይቅ «አሶሳ» አሉት። የተሳሳተ የሰማ መስሎት ደግሞ ጠየቀ። «ያን ዕለት ማታ ሦስተኛውን አሥር ስጸልይ ከተማዋ ባጠገቤ ነበረች» አለን።

እንግዲህ እኛ ያሳቀን ይኸ ነው።

አንዳንድ ሰው «የመጡት በቤልጂየም ትእዛዝ እንጂ ለእኛ ብለው አይደለም» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ወታደር የሚሄደው ወደተላከበት ነው። ቤልጂየምም የራሷን ጥቅም እያሰበች ነው የላከችው። ነገር ግን ጸልዩ ብሎ ያዘዛቸው አልነበረም። ጓደኛቸውን ቀብረው ለቀሪ ዕድሜያቸው ስለ እኛ የለመኑት በማንም ትእዛዝ አይደለም። እኛም ምስጋናችንን ለላኪው መንግሥት ሳይሆን መንገዱን በእግሩ ለተጓዘው ሰው ማድረግ እንችላለን። የራሳችንን አርበኞች ማክበርም የእነዚህን ሰዎች ውለታ አያስረሳም፤ ሁለቱም በልብ ውስጥ ቦታ አላቸው።

ሌላ «ውሃው ለእኛም አይበቃም» የሚል አለ። ይኸም እውነት ነው። ቦኖው አንድ ነው፤ በበጋ ደግሞ ይቆራረጣል። ይሁን እንጂ ውሃውን ያሳነሰው የአንድ እንግዳ ጀሪካን አይደለም። የቧንቧውን ጉዳይ ለሚመለከተው ክፍል የማመልከቱ ሥራ የኮሚቴው ነው፤ በዚህ ረገድ የዘገየነው እኛ ነን። የራሳችንን ስንፍና በሰው ጀሪካን ላይ ተወጣነው። ግለ ሂሳችንን በዚህ እንዝጋ።

ስለዚህ ኮሚቴው ተወያይቶ የሚከተሉትን ያቀርባል፤ ስትስማሙበት ይጸናል።

አንደኛ፣ በቦኖው ላይ ወረፋ የጀሪካን ወረፋ እንጂ የአገር ወረፋ አይሆንም። ቀድሞ ያስቀመጠ ቀድሞ ይቀዳል። ሕመምተኛ ይዞ የመጣ እንግዳ፣ ከየትም ይምጣ፣ ቅድሚያ ይሰጠዋል።

ሁለተኛ፣ በየቤታችን ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስለ ጣሊያን ጊዜና ስለ 1933 ዓ.ም. ከአባቶቻቸው የሰሙትን የልጅ ልጆቻቸው በደብተር እንዲጽፉ እንጠይቃለን። በርታኛም ይሁን ዐረብኛ፣ ኦሮምኛም ይሁን አማርኛ፣ በተነገረበት ቋንቋ ይጻፍ። ደብተሩን ለጸሐፊያችን ብታስረክቡ በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጣል። እናታችን እንዳሉት «ሽማግሌ ወሬ ያበዛል» እያልን የቀበርነው ነገር ብዙ ነው። የዚያን ዘመን ያዩ ዓይኖች ሊያልቁ ነው፤ የሚቀረን ከእነሱ የሰማው ጆሮ ነው፤ እሱም እያረጀ ነው።

ሦስተኛ፣ በመጪው መጋቢት 2 ቀን ማታ እዚሁ ማንጎው ሥር ተሰብስበን ቡና እንጠጣለን። የኪሳንጋኒውን አያት፣ በዝናቡ የተቀበረውን ጓደኛቸውንና ስማቸው ያልተጻፈውን ሁሉ እናስባለን። እስላሙ ዱዓ ያደርጋል፣ ክርስቲያኑ በራሱ ሥርዓት ይጸልያል። ወንድማችንን ከነልጁ ጠርተናል፤ ልጁም ተሽሎታል፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መቁጠሪያውን ይዞ እንዲመጣም ለምነነዋል። የአያቱ ነው።

በመጨረሻ፣ ያን ዕለት ጀሪካኑን የወረወረው ወንድማችን ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጧል። ስሙን አንጠራም፤ ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል። እኛ የሳቅነው ግን ገና ነን። ስለዚህ የኮሚቴው አባላት የምናደርገውን እዚሁ እንናገር፤ በመጋቢት 2 ቀን ከሁሉ አስቀድመን ተነሥተን ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን።

 ቡናው ቀርቧል፤ ማንም ሳይጠጣ አይሂድ።